ፕሮክሲ ላይ የሚያስተማምነው ሶፍትዌር የቱ ነው? ከፋየርፎክስና ክሮም እስከ ቴሌግራም፣ ከርልና ፕሮክሲፋየር

ፕሮክሲ ማለት መሃል ላይ ቆሞ ኢንተርኔታችንን በራሱ አይፒ (በራሱ የኢንተርኔት አድራሻ) የሚያሳልፍልን ሰርቨር ነው። የሚፈልገው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ፍጥነቱን ነው፣ ከዛ ዋጋውን፣ ከዛ የየት ሀገር አይፒ እንደሆነ። በየትኛው ሶፍትዌር ሊጠቀምበት እንደሆነ አስቦ የሚገዛ ግን ብዙም አይታይም፣ ጣጣው ደሞ አብዛኛውን ጊዜ እዛ ጋ ነው ያለው። ያው አንዱ ፕሮክሲ ፋየርፎክስ ላይ ቁጭ ብሎ ይሰራል፣ ክሮም ላይ ፓስወርዱን አልቀበልም ይላል፣ ተርሚናል ላይ ጭራሽ እንደሌለ ይታለፋል፣ ሰዉ ግን የሚሳደበው ፕሮክሲውን የሸጠለትን ልጅ ነው።

እኔ ሶፍትዌሩን የማየው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ ፕሮክሲውን ከየት ነው የሚያነበው፣ የራሱ ሴቲንግ አለው ወይስ የዊንዶውሱን ይከተላል ወይስ ፕሮክሲ የሚባል ነገር ሰምቶም አያውቅም። ሁለተኛ የሳይቱን ስም ወደ አይፒ የሚቀይረው ማን ነው፣ የኛ ኮምፒውተር ነው ወይስ ፕሮክሲው፣ ምክንያቱም ይሄ ስም የማስቀየር ጥያቄ (ዲኤንኤስ የሚባለው) በራሳችን ኔትወርክ ከወጣ የት እንደምንገባ ከመታወቁም በላይ የተዘጋው ሳይት እዛው ዲኤንኤሱ ላይ ሊታገድ ይችላል። ሦስተኛው ለኔ ዋናው ነው፣ ፕሮክሲው ድንገት ሲሞት ምን ያደርጋል? ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይስ ምንም ሳይናገር በቀጥታው መስመር ይወጣል? የሚቆመው ያናድዳል፣ ግን እመኑኝ የሚሻለው እሱ ነው።

ስለ ፕሮክሲው አይነት ብዙ አልልም። ኤችቲቲፒ ፕሮክሲ ለዌብ የተሰራ ነው፣ ኮኔክት በሚባለው ትዕዛዝ ኤችቲቲፒኤስንም ያሳልፋል፣ ፖርቱ አብዛኛውን ጊዜ 8080 ወይ 3128 ነው (3128 የስኩዊድ ዲፎልት ነው፣ ቢሮና ካምፓስ ውስጥ የምታዩት እሱን ነው)። ሶክስ5 ደሞ ከ1996 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ያለ ስታንዳርድ ሲሆን ማንኛውንም የቲሲፒ ግንኙነት (ዌብም ሌላውም አብዛኛው የሚሄድበትን) ያሳልፋል፣ ዩዲፒም (ኮልና ጌም የሚጠቀሙበትን) ይችላል፣ ዩዘርኔምና ፓስወርድም ይቀበላል፣ ፖርቱ በተለምዶ 1080 ነው። ሶክስ4 ፓስወርድም ዩዲፒም አያውቅም፣ እሱን እርሱት። ኤችቲቲፒውም ሶክሱም ራሳቸው ምንም ነገር ኢንክሪፕት አያደርጉም (ሌላ ሰው እንዳያነበው አይቆልፉም)፣ ኤችቲቲፒኤስ ያልሆነ ሳይት ከገባቹ የፕሮክሲው ባለቤት ሁሉንም ያያል። የነፃ ፕሮክሲ ዝርዝር ከኢንተርኔት ለቅማቹ ባንክ አካውንት የምትከፍቱ ካላቹ ይሄን ሁለቴ አንብቡት።

ብራውዘር፦ ፋየርፎክስ ይበልጣል

ፋየርፎክስ የራሱ የፕሮክሲ ሴቲንግ አለው። ሴቲንግ ገብታቹ ጄኔራል የሚለው ገጽ መጨረሻ ድረስ ውረዱ፣ ኔትወርክ ሴቲንግስ የሚል አለ፣ እሱን ስትከፍቱ ማኑዋል የሚለውን ትመርጣላቹ። እዚጋ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፣ የሶክስ አድራሻ ይዞ መጥቶ ከላይ ያለው ኤችቲቲፒ ፕሮክሲ የሚለው ሳጥን ውስጥ ይጽፈዋል፣ ወይ ሁሉንም ሳጥን በአንድ አድራሻ ይሞላል፣ ከዛ ‹ፕሮክሲው ግንኙነት እምቢ አለ› የሚል ገጽ ይመጣበታል። ሶክስ ከሆነ የሶክስ ሳጥን ብቻ ይሞላ፣ ሌላው ባዶ ይሁን፣ ከስሩ ደሞ ቨርዥን 5 መመረጡን እዩ። እታች ዲኤንኤስንም በፕሮክሲው አሳልፍ የሚል ምልክት ማድረጊያ አለ፣ ከ128ኛው ቨርዥን ወዲህ በራሱ ተመርጦ ነው የሚመጣው፣ የቆየ ቨርዥን ያላቹ ግን ራሳቹ ምልክት አድርጉበት።

ክሮም (ኤጅም ብሬቭም ከአንድ ቤት ስለሆኑ እንደዛው ናቸው) የራሱ የሚባል ሴቲንግ የለውም፣ ፕሮክሲ የሚለውን ስትነኩ የዊንዶውሱን ወይ የማኩን መስኮት ነው የሚከፍትላቹ። ስለዚ ብራውዘሩን ብቻ ላሳልፍ ያላቹት ነገር የሌላውንም አፕ መንገድ ይቀይራል ማለት ነው። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ደሞ አለ፣ ዊንዶውስ ሴቲንግ ላይ ሶክስ ብላቹ ከጻፋቹ ክሮም የሚረዳው እንደ ሶክስ4 ነው፣ ሶክስ4 ከሆነ ደሞ ዲኤንኤሱ በራሳቹ ኔትወርክ ይወጣል ማለት ነው። በትክክል ሶክስ5 እንዲሆን ከፈለጋቹ ወይ የክሮሙን ሾርትከት ላይ ፕሮክሲ ሰርቨር የሚለውን ትዕዛዝ ጨምራቹ ትከፍቱታላቹ ወይ ኤክስቴንሽን ትጭናላቹ።

ፓስወርድ ያለው ሶክስ5 የገዛቹ ደሞ ክሮምን ተዉት። ክሮም ለሶክስ5 ዩዘርኔምና ፓስወርድ አይልክም፣ ኤክስቴንሽንም ቢጫን አይልክም፣ አለቀ። ፋየርፎክስም በራሱ መስኮት ላይ ለሶክስ የፓስወርድ ቦታ የለውም፣ ግን ፎክሲፕሮክሲ የሚባለውን ኤክስቴንሽን ስትጨምሩበት ይሰራል። ክሮም ግድ ነው የምትሉ ከሆነ ሁለት መውጫ አለ፣ ወይ ሻጩን አይፒያችንን መዝግበህ ያለ ፓስወርድ አስገባን በሉት (የሞባይል ዳታ ተጠቃሚ ከሆናቹ አይፒያቹ እየተቀያየረ ስለሚያስቸግራቹ አይመከርም)፣ ወይ ጎስት የመሰለች ትንሽ ፕሮግራም ኮምፒውተራቹ ላይ አስነሱና ፓስወርዱን እሷ ትላክ፣ ክሮም ከሷ ጋር ያለ ፓስወርድ ይገናኝ። ፓስወርድ ያለው ኤችቲቲፒ ፕሮክሲ ከሆነ ግን ክሮምም ችግር የለበትም፣ ሳጥን አውጥቶ ይጠይቃቹሃል።

ከኤክስቴንሽን ፎክሲፕሮክሲ ለፋየርፎክስ፣ ዜሮኦሜጋ ለክሮም። ድሮ ሁሉም የሚጠቀመው ስዊቺኦሜጋን ነበር፣ ክሮም የድሮዎቹን የኤክስቴንሽን አይነቶች ሲያስወጣ እሱም አብሮ ሄደ፣ ዜሮኦሜጋ እሱኑ ወስደው ያደሱት ነው። ሁለቱም የሚጠቅሙት ይሄ ሳይት በፕሮክሲ ይሂድ ያ በቀጥታ ይሂድ ለማለት ነው፣ ዳታ የሚቆጥብ ሰው ይሄ ይገባዋል፣ ፕሮክሲያቹ በጊጋ የሚከፈልበት ከሆነ ዩቲዩብን በሱ ማሳለፍ ብር ማቃጠል ነው። ብቻ ፓክ ፋይል (የትኛው ሳይት በየት እንደሚያልፍ ለብራውዘሩ የሚነግር ፋይል) የምትጠቀሙ ከሆነ መጨረሻው ላይ ‹ዳይሬክት› የሚል ቃል አለመኖሩን እዩ፣ ካለ ፕሮክሲው ሲወድቅ ብራውዘሩ ዝም ብሎ በራሳቹ አይፒ ይወጣል፣ እናንተም አታውቁም። ዌብአርቲሲ የሚባለውም አለ፣ በብራውዘር ቪዲዮ ኮል የሚያስኬደው፣ እሱ በዩዲፒ ስለሚሄድ ፕሮክሲውን ዘሎ ትክክለኛ አይፒያቹን ሊያሳይ ይችላል፣ ፋየርፎክስ ላይ አባውት ኮንፊግ በሚባለው የውስጥ ሴቲንግ ገጽ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፣ ክሮም ላይ ለዚም ኤክስቴንሽን ነው የምትፈልጉት።

ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ሲግናል

እኛ ሀገር ፕሮክሲ የሚለውን ቃል ብዙ ሰው የሰማው በቴሌግራም ነው። የካቲት 2015 ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው እስከ ሐምሌ ሲቆዩ ስንቱ ሰው ነው የፕሮክሲ ሊንክ ከጓደኛ የተቀበለው። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ሲግናል ሦስቱም ዛሬ ፕሮክሲ አለን ይላሉ፣ ግን እኩል አይደሉም።

ቴሌግራም ከሁሉም ይበልጣል። ተራ ሶክስ5 ይቀበላል፣ ፓስወርድም ጭምር፣ ከ2018 (በፈረንጆቹ) ወዲህ ደሞ ኤምቲፕሮቶ የሚባል የራሱ ፕሮክሲ አለው፣ ሊንኩን ነክታቹ ኮኔክት ማለት ብቻ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ብዙ ፕሮክሲ ደርድራቹ ማስቀመጥ ትችላላቹ፣ ከእያንዳንዱ ስር የሚሰራ ከሆነ ፒንጉን (መልስ ለመስጠት የሚፈጅበትን ጊዜ) በሚሊሰከንድ ያሳያቹሃል፣ ስለዚ የሞተውን ከሚሰራው ለመለየት መገመት የለም። የቱን ልምረጥ ለሚል፦ ለጽሁፍና ለፎቶ ኤምቲፕሮቶ ይበቃል፣ ትራፊኩም ለመለየት ይከብዳል። ለድምጽ ኮል ግን ኤምቲፕሮቶ አያሳልፍም፣ ሶክስ5 አስገብታቹ ለኮልም ተጠቀም የሚለውን ምልክት ማድረግ አለባቹ፣ ሰርቨሩም ዩዲፒ የሚያሳልፍ መሆን አለበት፣ ርካሾቹ ደሞ አያሳልፉም። ነፃ ኤምቲፕሮቶ ስታስገቡ የቻት ዝርዝሩ አናት ላይ ያልገባቹበት ቻናል ብቅ ካለ አትደንግጡ፣ ቫይረስ አይደለም፣ ፕሮክሲውን ያቆመው ሰው ማስታወቂያ ነው፣ የሚያተርፈው በሱ ነው። መልእክታቹን ማንበብ አይችልም፣ አይፒያቹን ግን ያያል።

ዋትስአፕ ፕሮክሲ የጨመረው ጃንዋሪ 2023 ላይ ነው። ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ ውስጥ ገብታቹ ታገኙታላቹ። ግን የገዛቹትን ሶክስ5 እዛ ጽፋቹ ይሰራል ብላቹ አትጠብቁ፣ ለዋትስአፕ ተብሎ የተዘጋጀ ሰርቨር ነው የሚፈልገው፣ ውጭ ያለ ዘመድ ትንሽ ሰርቨር ተከራይቶ ቢያቆምላቹ ነው የሚሻለው፣ ኮዱን ራሱ ዋትስአፕ በነፃ አውጥቶታል። ሲግናልም እንደዛው የራሱ አይነት ፕሮክሲ ነው ያለው፣ በ2021 (በፈረንጆቹ) ኢራን ሲግናልን ስትዘጋ ነው ያመጡት።

ኤምሬትስ ያላቹ እህቶችና ወንድሞች፣ እዛ የዋትስአፕ ኮል ስለሚዘጋ ፕሮክሲና ቪፒኤን ውስጥ የምትገቡ ብዙ እንደሆናቹ ይታወቃል፣ ግን በፈረንጆቹ 2021 የወጣውን የሀገሩን የሳይበር ሕግ እወቁት፣ አይፒን ደብቆ ወንጀል መፈጸም ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ሊያስቀጣ ይችላል። የተፈቀዱ የኮል አፖች ስላሉ በነሱ ደውሉ፣ ለአንድ ኮል ይሄን መድፈር አያዋጣም።

ኢንተርኔቱ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ግን፣ እንደ ሰኔ 2012 መጨረሻው ማለቴ ነው፣ ከነዚህ አንዱም አይሰራም። ፕሮክሲ የሚሰራው መስመር ሲኖር ብቻ ነው፣ ‹ያለ ኢንተርኔት የሚሰራ ፕሮክሲ› እያለ የሚሸጥላቹ ካለ ሌባ ነው።

ሳይፎን ፒሲ ላይ

ሳይፎንን፣ የተዘጋ ሳይት ማስከፈቻውን፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ግን ዊንዶውስ ላይ ምን እንደሚሰራ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስልክ ላይ እንደ ቪፒኤን ሁሉንም አፕ ይወስዳል፣ ዊንዶውስ ላይ ግን በዲፎልቱ ኮምፒውተራቹ ውስጥ አንድ ኤችቲቲፒ እና አንድ ሶክስ ፕሮክሲ ከፍቶ የዊንዶውሱን ሴቲንግ ወደዛ ያዞረዋል። ስለዚ ክሮምና ኤጅ ይገባሉ፣ ቴሌግራም ዴስክቶፕም የሲስተሙን ተከተል ላይ ከሆነ ይገባል፣ ጌም፣ ተርሚናልና የራሱን መንገድ የሚሄድ ሶፍትዌር በሙሉ ግን በቀጥታ ነው የሚወጣው። ‹ሳይፎን በርቶ እያለ ይሄኛው አፕ አልሰራም› የሚለው ጥያቄ መልሱ ይሄ ነው። ጥሩ ጎኑ ሴቲንጉ ውስጥ ፖርቶቹን ቋሚ ቁጥር ልትሰጧቸው ትችላላቹ፣ ከዛ ፕሮክሲ የሚቀበል ማንኛውም ሶፍትዌር ላይ 127.0.0.1 (ራሱ ኮምፒውተራቹ ማለት ነው) እና ያንን ፖርት ጽፋቹ ታስገቡታላቹ።

ዳውንሎድ ማድረጊያ

አይዲኤም ኤችቲቲፒም ሶክስም ይቀበላል፣ የሲስተሙንም መውሰድ ይችላል፣ ብቻ ክፍያ አለው። ኪውቢትቶረንት (የቶረንት ማውረጃው) ሶክስ5 ላይ ጎበዝ ነው፣ ፒር ግንኙነቶቹንም (ፋይሉን ከሚያካፍሉት ሰዎች ጋር ያሉትን) በፕሮክሲው የሚለውን ካልመረጣቹ ግን ዋናው ዳታ በራሳቹ አይፒ ነው የሚሄደው፣ ያ ከሆነ ፕሮክሲው ለምን አስፈለገ። አሪያ2 ፈጣን ነው፣ ሶክስ ግን አያውቅም። ዊጌትም አያውቅም። ተርሚናል ለሚወዱ ከርል አለ፣ ቪዲዮ ለሚያወርዱ ዋይቲ ዲኤልፒ አለ፣ ሁለቱም ሁሉንም አይነት ይበላሉ።

ለዴቨሎፐሮች፣ ትንሽ ረዘም ያለ

ከርል፣ ከተርሚናል ሳይት መጥሪያውና ፋይል ማውረጃው፣ ከሁሉም ንጉስ ነው። ዳንኤል ስቴንበርግ የሚባል ስዊድናዊ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሚሰራው ነው፣ የፕሮክሲ ጉዳይ ላይ ደሞ የቀረው ነገር ያለ አይመስለኝም። አንድ የምትጠቅማቹ ነገር፣ አድራሻው ሲጻፍ ሶክስ5 ብቻ ካላቹ ዲኤንኤሱን ራሱ ኮምፒውተራቹ ይፈታዋል፣ ከ5ቱ ቀጥላ ኤች የምትባለውን ፊደል ስትጨምሩ ግን ስሙን የሚፈታው ፕሮክሲው ይሆናል። አንዲት ፊደል ናት፣ ግን ‹ብራውዘር ላይ ይሰራል ከርል ላይ አይሰራም› የሚባለው ግማሹ የሷ ጣጣ ነው። ፓይተን ውስጥ ሪኩዌስትስም በዚችው ኤች ነው የሚለየው።

ሌሎቹ የተርሚናል ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ ፕሮክሲውን ከኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ሲስተሙ ውስጥ ስም ተሰጥቶት ከሚቀመጥ ዋጋ) ነው የሚያነቡት። እዚም ወጥመድ አለ፣ ከርል የኤችቲቲፒውን ቫሪያብል በትናንሽ ፊደል ካልተጻፈ አይቀበለውም (ምክንያቱ የሴኩሪቲ ነው፣ በ2016 (በፈረንጆቹ) ኤችቲቲፖክሲ ተብሎ ብዙ የተወራለት ክፍተት)፣ ሌሎች ደሞ ትልልቁን ነው የሚፈልጉት፣ ስለዚ ሁለቱንም አስቀምጡና ተገላገሉ። ሱዶ ስትሉ ደሞ ቫሪያብሉ ይጣላል፣ ስለዚ አፕት ላይ ፕሮክሲውን በራሱ ኮንፊግ ፋይል መጻፍ ነው የሚያዋጣው። ዶከርም ዴመኑ ለብቻ ኮንቴይነሩ ለብቻ ነው፣ ለሁለቱም ስጡ።

ጊት ጥሩ ነው፣ ውስጡ ያለው የከርል ላይብረሪ ስለሆነ ሶክስም ኤችቲቲፒም ይወስዳል። ግን ይሄ ሪሞታቹ ኤችቲቲፒኤስ ሲሆን ብቻ ነው፣ በኤስኤስኤች ክሎን ያደረጋቹት ሪፖ የጊትን ፕሮክሲ ሴቲንግ ዞር ብሎም አያየው፣ ለሱ የኤስኤስኤች ኮንፊግ ውስጥ ፕሮክሲ ኮማንድ መጻፍ አለባቹ። መሰልቸት ካልፈለጋቹ ሪሞቱን ወደ ኤችቲቲፒኤስ ቀይሩት።

ፒፕ ኤችቲቲፒ ላይ ችግር የለውም። ሶክስ ስትሰጡት ፓይሶክስ የሚባል ፓኬጅ የለህም ብሎ ይቆማል፣ ፓይሶክስን ላውርድ ስትሉት ደሞ ለማውረድ ራሱ ፕሮክሲውን ይፈልጋል፣ እንግዲህ ሳቁ። ለዚ አይነቱ ሶክስ ለማያውቅ ሁሉ መድሃኒቱ ፕሪቮክሲ ነው፣ ነፃ ነው፣ በአንድ በኩል ሶክሱን ይይዝና በሌላ በኩል በፖርት 8118 ኤችቲቲፒ ፕሮክሲ ሆኖ ይቀርባል። ፒፕም አሪያ2ም ዊጌትም በሱ ያልፋሉ።

አንድሮይድ ስቱዲዮ የምትሰሩ፣ የስቱዲዮው ፕሮክሲና የግሬድል ፕሮክሲ የተለያዩ ናቸው። ስቱዲዮው ላይ ቼክ ኮኔክሽን ብላቹ አረንጓዴ እየሰጠ ሲንክ ላይ ግን ዲፔንደንሲ አላገኘሁም ይላል፣ የግሬድል ፕሮፐርቲስ ፋይል ውስጥ ሆስትና ፖርት ለኤችቲቲፒ፣ ሆስትና ፖርት ለኤችቲቲፒኤስ፣ አራት መስመር ጻፉ። ብዙ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብቻ ጽፎ ነው የሚለፋው፣ ላይብረሪዎቹ ደሞ የሚመጡት በኤችቲቲፒኤስ ነው።

ብራውዘር ኦቶሜሽን ከሆነ ስራቹ ፕሌይራይት ከሴሊኒየም ይሻላል። ፕሌይራይት የኤችቲቲፒ ፕሮክሲ ፓስወርድ በቀጥታ ይቀበላል፣ ለእያንዳንዱ ኮንቴክስት የተለያየ ፕሮክሲም ይሰጣል፣ ሴሊኒየም በክሮም ደሞ የፓስወርድ ሳጥኑ ብቅ ብሎ ስክሪፕታቹን ያቆመዋል። ስክሬፒ ሶክስ በራሱ አያውቅም፣ ፕሪቮክሲን ከፊቱ አቁሙለት።

እምቢ ያለውን ሶፍትዌር በግድ ማሳለፍ

ፕሮክሲ ጭራሽ የማያውቅ ሶፍትዌር ሲያጋጥም ዊንዶውስና ማክ ላይ ፕሮክሲፋየር ነው። ይሄ ፕሮግራም በዚህ ፕሮክሲ፣ ያ በቀጥታ፣ ያኛው ጭራሽ አይውጣ ማለት ትችላላቹ፣ ዲኤንኤስንም በፕሮክሲው ያስፈታል፣ ማን የት እንደተገናኘ በላይቭ ያሳያቹሃል። ለ31 ቀን በነፃ ይሞከራል፣ ከዛ ይገዛል፣ ከውጭ በካርድ መክፈል ለኛ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላቹ። ነፃውን ለሚፈልግ ቪቱሬይኤን ወይ ሲንግቦክስ በተን ሞድ አለ፣ የኔትወርክ ካርድ አስመስለው ሁሉንም ትራፊክ ይውጡታል፣ ዩዲፒም ጭምር፣ ሴቲንጉ ግን ለጀማሪ ይከብዳል።

ሊኑክስ ላይ ፕሮክሲቼይንስ፣ ከትዕዛዙ ፊት ስሙን መጻፍ ብቻ። ቀላልነቱ ደስ ይላል፣ ግን በጎ ቋንቋ የተሰሩ ፕሮግራሞችን ሊይዛቸው አይችልም፣ ከስሩ ሾልከው በቀጥታ ይወጣሉ፣ ኤረርም አይሰጥም። በሦስተኛው መመዘኛዬ ይሄ ከሁሉም መጥፎው ነው፣ ለዛ ነው አይፒው ከታወቀ ጉዳት ለሚያመጣ ስራ ተን ሞድ ተጠቀሙ የምለው። ፒንግም በሶክስ አያልፍም፣ አይሲኤምፒ ስለሆነ፣ ፕሮክሲን በፒንግ አትፈትኑ።

ስልክ

አንድሮይድ ዋይፋይ ላይ ያለው የፕሮክሲ ቦታ ኤችቲቲፒ ብቻ ነው፣ ለዛ ዋይፋይ ብቻ ነው፣ አፖቹም ከፈለጉ ይሰሙታል ካልፈለጉ ይተዉታል። አይፎንም እንደዛው። ስለዚ እንደ ቪፒኤን ሁሉንም አፕ የሚወስዱትን ቪቱሬይኤንጂ ወይ ኔኮቦክስ ጫኑ፣ ሶክስ5ቱን እዛ አስገቡ፣ አይፎን ላይ ሻዶውሮኬት አለ፣ ክፍያ አለው። የአንድሮይድ ጥሩነቱ ሲስተም ሴቲንግ ውስጥ ከቪፒኤኑ ስም ጎን ያለችውን የሴቲንግ ምልክት ነክታቹ ሁልጊዜ ይብራ እና ያለ ቪፒኤን ምንም አይውጣ የሚሉትን ሁለቱንም ማብራት ትችላላቹ፣ አፑ ቢሞት ኢንተርኔቱም አብሮ ይቆማል፣ እኔ የምፈልገው ይሄንን ነው።

የስልካቹን ሆትስፖት ከፍታቹ ላፕቶፕ የምታገናኙ ደሞ፣ ስልኩ ላይ ያለው ቪፒኤን ወደ ላፕቶፑ አይተላለፍም። ኤቭሪ ፕሮክሲ የሚባለውን አፕ ስልኩ ላይ አብሩና የሚያሳያቹን አይፒና ፖርት ላፕቶፑ ላይ ፋየርፎክስ ውስጥ ጻፉ፣ ያኔ ያልፋል።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመተማመናቹ በፊት እንዲ ፈትኑት፦ አይፒ የሚያሳይ ሳይት ከፍታቹ የፕሮክሲው አይፒ መምጣቱን እዩ፣ የዲኤንኤስ ሊክ መፈተሻ ላይም የራሳቹ ቴሌኮም ስም አለመውጣቱን እዩ። ከዛ ሶፍትዌሩን ሳትነኩ ፖርቱን ሆን ብላቹ በአንድ ቁጥር አበላሹት፣ 1080 ከነበረ 1081 አድርጉት፣ ገጹን ሪፍሬሽ አድርጉ። ኤረር ከመጣ ደህና ነው። ገጹ ከተከፈተ አውጥታቹ ጣሉት።